ከስፔን የመጣው ወይራ

«ስፔኑ ሞተ እኮ፤ አልሰማሽም?» አለችኝ ወይዘሮ ብርቄ፣ አትክልት ተራ ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ።

ወይዘሮ ብርቄ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጉልት የምትቸረችር፣ የሰፈሩን ሞትና ልደት ከሁሉ ቀድማ የምትሰማ ሴት ናት። ስፔን የሚባለው አገር የት እንዳለ አታውቅም። ሟቹም ቢሆን ከደብረ ዘይት አልፎ የሄደ ሰው አልነበረም።

«መቼ?» አልኩ።

«ትናንት። ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ሳል ነው ይላሉ። ምን ሳል ብቻ፣ ብስጭት ነው እንጂ።»

የያዝኩትን ሽንኩርት መልሼ ክምሩ ላይ ጣልኩት። ያንን ቅጽል ስም ያወጡለት የፒያሳ ልጆች ናቸው፤ ምክንያቱን የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ። ስሙ አምደማርያም ነበር። እኛ ጋሽ አምዴ እንለው ነበር።

አብረን የሠራነው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወርዱ በምትገኝ አንዲት የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ሱቋን የከፈታት አንድ ግሪክ ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአቶ ጥላዬ ሸጠላቸው። አቶ ጥላዬ የግሪኩን ስም ከበሩ በላይ አላወረዱትም። «የእኔን ስም ብሰቅል ማን ይገባል?» ይሉ ነበር፤ ቀልዳቸውን አልነበረም። እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ እሸጣለሁ። ጋሽ አምዴ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ ጊታርና አኮርዲዮን ይጠግናል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበር። ከረባት ሳያስር ሥራ ገብቶ አያውቅም፤ ሙጫ የጠገበውን ሽርጡን ከከረባቱ በላይ ነበር የሚያገለድመው።

የግራ እጁ ሌባ ጣት ከግማሽ በላይ የለችም። በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በሚሠራበት አናጢ ቤት መጋዝ ወስዷታል። ጊታር የነካ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያቺ ጣት አንዳንዴ ተጋድማ ስድስቱንም ክሮች ባንድ ጊዜ መጫን አለባት። እሷ ለሌለችው ሰው ያለው መድኃኒት ካፖ ነው፤ የጊታሩን አንገት ቆንጥጦ ክሮቹን በአንድነት የሚጫን ትንሽ መሣሪያ። ለሌላው ካፖ ምቾት ነው፤ ዘፋኙ ድምፁ ቀጠን ያለ እንደሆነ ጊታሩን ከእሱ ጋር ያስማማበታል። ለጋሽ አምዴ ግን ጣቱ ነበር። በካፖ እየታገዘ አንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ስድስት ዓመት ተጫውቷል። ኋላ አዲስ የመጣ አለቃ፣ «እንግዳ ፊት ጉማጅ ጣት አያምርም» ብሎ አሰናበተው።

ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። «ዘኑዬ፣ መጋዙ የቀጣው ሌባዋን ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ሥራው ዞረ።

በመስታወት ሣጥናችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ካፖ ነበረን፤ በላስቲክ የሚታሰረው ርካሹ፣ በሞላ የሚነክሰው መካከለኛው፣ በብሎን የሚጠብቀውና በቀይ ከፋይ የተለበጠ ማኅደር ያለው ውዱ። «የቱ ይሻላል?» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ውዱን እንዳሳይ ታዝዣለሁ። ጋሽ አምዴ ጥያቄውን ከሰማ ግን እጁን በሽርጡ እየጠረገ ይወጣል።

«ጊታርህስ?»

«ቤት ነው።»

«ሂድና ይዘኸው ና። እግርህን ቤት ትተህ ጫማ ትለካለህ እንዴ?»

ጊታሩ ሲመጣ አንገቱን በመዳፉ ይዳብሰዋል። ክሮቹ የተዘረጉበት ፊት ደልዳላ ነው ወይስ ጎበጥ ያለ? ወፍራም ነው ወይስ ሲባጎ የመሰለ? ከዚያ ካፖውን ያስርና፣ ከሲጋራ ፓኮ የቀደዳትን ስስ ወረቀት በየክሩ ሥር እያስገባ ሳብ ያደርጋታል። ወረቀቷ ከተንሸራተተች ያ ክር አልተያዘም፤ ሲመታ እንደ ዝንብ ጥዝዝ ይላል። ካፖው ያለ ልክ ከጠበቀ ደግሞ ክሩ ይወጠርና ከቅኝቱ ይወጣል። «ጥሩ ካፖ እንደ ጥሩ ዳኛ ነው» ይል ነበር፤ «ሁሉንም እኩል ይይዛል፣ ማንንም አያንቅም። እንዲህ ያለ ዳኛ ካገኘሽ ንገሪኝ፤ ክስ አለኝ።»

ውድ ነገር ይጠላ ነበር ማለት አይደለም። አንድ መምህር አንገቱ የጎበጠ ጊታር ይዞ ርካሹን ሲጠይቅ፣ «ይሄን አትግዛ፤ መሐሉን ይለቅብሃል። ላንተ የሚሆንህ ውዱ ነው። ዛሬ ካልቻልክ እስክትችል ቆይ እንጂ በዚህ አትቃጠል» ብሎ መልሶታል። ለሌላው ደግሞ «ላስቲኩ ይበቃሃል» ይላል። አንድ ቀን ይህን ያለው አዲስ ኮት ለለበሰ ወጣት ነበር። ልጁ ፊቱ ቀላ። «ደሃ መሰልኩህ?» አለና ባለ ከፋዩን ገዝቶ፣ በሩን አላትሞ ወጣ።

አቶ ጥላዬ ከወንበራቸው ተነሱ። «አምዴ፣ አንተ ጠጋኝ ነህ ወይስ የንስሐ አባት?»

«እውነቱን ነው የነገርኩት ጌታዬ።»

«እውነት በመስታወት ሣጥን አይሸጥም። ሁለተኛ ወደ ባንኮኒው እንዳትወጣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኋላ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ትርፍ ጊዜ ስላገኘ ይሁን እልህ ስለያዘው አላውቅም፣ የራሱን ካፖ መሥራት የጀመረው ያኔ ነው። የወይራ እንጨት ጠርቦ ሥሩን በስስ ቆዳ ለበጠው። መሐሉን በስቶ ከአሮጌ ቫዮሊን የነቀለውን መጠምዘዣ ሰካበት። ከመጠምዘዣው የሚወጣው ጠንካራ ክር በአንገቱ ዙሪያ ዞሮ ይታሰራል፤ መጠምዘዣውን ባዞርሽ ቁጥር እንጨቱ ወደ ክሮቹ ይጠጋል። ከአንደኛው ጎኑ በቢላ ትንሽ ጎድጓዳ ያበጅለት ነበር፤ ሲያጠብቅ ጉማጅ ጣቱን የሚያሳርፍባት ቦታ ናት። ጣት ለሞላው ሰው የማትጠቅም ጎድጓዳ ናት፤ እጁ ለምዶባት እንጂ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ወረቀቷ በአንዱም ክር ሥር አልተንሸራተተችም።

«ይሄ ከባለ ከፋዩ ይበልጣል» አልኩት።

«አይበልጥም፤ እኩል ነው። ልዩነቱ የዚህኛው አባት መታወቁ ነው» አለ።

አሥር ሠራ፤ እኔም በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰዉ አንስቶ ያያቸውና ይመልሳቸዋል። «የምን ማማሰያ ነው?» የሚልም ነበር። ከሁሉ የሳቀው ታምሩ የሚባል ጊታር መቺ ነው። ታምሩ በፒያሳ የታወቀ፣ ሲሄድ ልጆች የሚከተሉት ሰው ነበር። «ጋሽ አምዴ!» ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸ። «በዚህ ጊታር ልምታ ወይስ ሽሮ ልምታ?» ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። በሁለት ወር ውስጥ የሸጥኩት ሁለት ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት አቶ ጥላዬ አንዱን ከብርጭቆው አንስተው ብዙ አገላበጡት። ከዚያ ራሳቸው ወደ ኋላ ክፍል ሄዱ። «አምዴ፣ ሦስት ደርዘን ሥራልኝ። ጠቅላይ ግዛት ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚላክ ነው» ሲሉት ሰማሁ። ጋሽ አምዴን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ወይራውን ራሱ መርጦ ገዛ። ምሳውን በሥራው ጠረጴዛ ላይ ይበላል፤ እየጠረበ ያንጎራጉራል። «ዘኑዬ፣ አስቢው እስቲ» ይለኛል፤ «ጎጃም ያለ ተማሪ በእኔ ጣት ሲጫወት!» ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሲጨርስ በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ አስረከባቸው።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አቶ ጥላዬ ሱቅ አስጠሩኝ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ባንኮኒው ላይ ሠላሳ ስድስቱ ካፖዎች ተደርድረዋል፤ ግን ጥቁር ቀለም ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። አጠገባቸው የላቲን ፊደል የተቀረጸባቸው ትንንሽ የነሐስ ታርጋዎች፣ ከዚያ ወዲያ በቀይ ከፋይ የተለበጡ ማኅደሮች ነበሩ።

«እነዚህን ታርጋዎች በየካፖው ላይ በሚስማር ትመቺያለሽ፤ ከዚያ ካፖዎቹን ማኅደሩ ውስጥ ታስገቢያለሽ» አሉኝ። «የመጡት ከስፔን ነው። ዋጋቸው ከባለ ብሎኑ በላይ ነው። በመስታወቱ አትደርድሪያቸው፤ የሚገባው ሰው ሲጠይቅ ከሥር እያወጣሽ አሳዪ።»

«ጋሽ አምዴ ያውቃል?»

«እናትሽ ዓይናቸው እንዴት ነው? ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። በትሕትና ነበር የጠየቁት። ያኔ አባቴ የለም፤ እናቴንና ሁለት እኅቶቼን የማኖረው እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። መዶሻዋን አነሣሁ፤ ሠላሳ ስድስቱንም መታሁ።

በወር ውስጥ አለቁ። የሚገዛው ሰው ከፋዩን ገልጦ ያይና፣ «አየሽ ሥራ?» ይለኛል። ያው ማማሰያ ያሉት እንጨት ነው። ብርጭቆ ውስጥ የቀሩት ስምንቱ አቧራ ጠጥተው «ከስፔን ከመጡት» አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመዋል። ታምሩም ገዛ። እንዲያውም ሁለት ነው የገዛው።

ያው ታምሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ከገዛቸው ካፖዎች የአንደኛው መጠምዘዣ ላልቶበታል። እኔ ምን ልበል ብዬ ሳስብ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ፦ «ጋሽ አምዴ! ና እስቲ የፈረንጅ እጅ እይና ተማር!»

ጋሽ አምዴ ክልከላውን ረስቶ ይሁን ንቆ ወጣ። ካፖውን ተቀበለ። መጠምዘዣውን አየ። ከዚያ እንጨቱን አዙሮ ጉማጅ ጣቱን ከጎኑ ባለችው ጎድጓዳ ላይ አሳረፈ። ልክ ገጠመች።

«ይሄ የእኔ ነው» አለ።

ታምሩ ሳቀ። ጓደኞቹም ተከተሉት። «ጋሽ አምዴ ስፔን መቼ ሄደ?» አለ አንዱ።

«የእኔ ነው እላለሁ! ቀለሙን ብፍቀው ከሥሩ ወይራ ነው። ተመልከቱ!» ቢላውን ከሽርጡ ኪስ አወጣ። ታምሩ ካፖውን ከእጁ ላይ ነጠቀው። «ዕቃዬን እንዳታበላሽብኝ ሰውዬ!»

ጋሽ አምዴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ዕርዳታ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። «ዘኑዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ። አንቺ ስሠራ አይተሽኛል።»

አቶ ጥላዬ ከባንኮኒው ጫፍ ላይ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ እኔን ብቻ ያዩኛል።

«ጋሽ አምዴ፣ ይሄ ከስፔን የመጣ ነው» አልኩ። እሱም አልበቃኝም። «ሣጥኑን የከፈትኩት እኔው ነኝ» አልኩ።

አሁንም የሚያንገበግበኝ ያቺ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት። የመጀመሪያዋን የተናገርኩት ፈርቼ ነው። ሁለተኛዋን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ውሸቴ እንዲታመን ከራሴ የጨመርኳት ናት።

ጋሽ አምዴ ሽርጡን ፈታ፣ አራት ቦታ አጠፈው፣ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ከረባቱን አስተካክሎ ወጣ። መሣሪያዎቹን እንኳ ለመውሰድ አልተመለሰም።

ታምሩና ጓደኞቹ ወሬውን በዚያው ቀን በየቡና ቤቱ አዳረሱት። አራዳ ለቀልድ ማን ብሏት። በሳምንቱ ጋሽ አምዴ በእግሩ ሲያልፍ፣ «ስፔኑ! አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ገባ?» የሚለው ሰው በዛ። መጀመሪያ ቆሞ ያስረዳ ነበር። ባስረዳ ቁጥር ቀልዱ ይጣፍጣል። አቶ ጥላዬ ደግሞ በሌላ አናጢ ሌላ ሦስት ደርዘን አሠሩ፤ እነዚያ ከጽድ የተጠረቡ ስለነበሩ በወራቸው ተሰነጠቁ። ሰዉ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «የስፔን ሥራም እንደ ድሮው አይደለም» አለ።

ከዓመት በኋላ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ከአቶ ጥላዬ እጅ ስወጣ ምላሴ የተፈታ መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አምዴን ፍለጋ ሄድኩ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጥግ ሥር፣ ዱካና የጃንጥላ እጀታ ሲጠግን አገኘሁት። ከረባት የለውም። ጢሙ ሸብቷል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ አምዴ።»

ቀና አለ። «ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ምን ይዘው መጡ? የሚጠገን ነው?»

እመቤቴ አለኝ። እርስዎ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እግሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ እሑዱን፣ የነሐሱን ታርጋ፣ ሚስማሩን፣ የእናቴን ዓይን። አላቋረጠኝም። የዱካውን እግር እየፋቀ ሰማኝ። ስጨርስ ፍቅፋቂውን እፍ አለው።

«ይሄን ለእኔ መንገር ምን ያደርጋል?» አለ። «እኔማ አውቀዋለሁ። ያን ቀን የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ማን አለ?»

«ይቅር በለኝ ጋሼ።»

«እግዜር ይቅር ይበልዎት። ፀሐዩን ከልለውብኛል፤ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ።»

ከዚያ ተነሥቼ በቀጥታ ታምሩ ወደሚቀመጥበት ቡና ቤት ሄድኩ። ማኪያቶ እየጠጣ ነበር። ቆሜ ነገርኩት፤ ካፖው የጋሽ አምዴ እንደሆነ፣ እኔ እንደዋሸሁ። ታምሩ ስኒውን አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ያኔውኑ ቤቴ ገብቼ ጥጉን በምላጭ ፋቅኩት። ወይራ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ከስፔን አስመጣሁ እያልኩ ለስንቱ አሳይቼው! ተታለልኩ ልበል?» ትከሻውን ነቀነቀ። «ደግሞ ካፖው ጥሩ ነው። እስካሁን በእሱ ነው የምጫወተው።»

በዚያው ቀን ለሌላ ሰውም ልናገር ይገባኝ ነበር። ለመላው ፒያሳ ልናገር ይገባኝ ነበር። ቤቴ ገባሁ። ወራት አለፉ፣ ዓመት አለፈ። እኔ መሥሪያ ቤት እመላለሳለሁ፤ እሱ ድልድዩ ጋ ዱካ ይጠግናል። ያንን መንገድ ትቼ በሌላ መሄድ ለመድኩ። ወይዘሮ ብርቄ መሞቱን የነገረችኝ እንዲህ እየኖርኩ ነው።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ አልነበረም። ከቀብር መልስ ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው ቤት ደጃፍ፣ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ጋሽ አምዴ የኖረው ከታላቅ እኅቱ ከወይዘሮ አልማዝ ጋር ነበር። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ከጥግ ተቀምጣለች። ታምሩም መጥቷል፤ ሱፍ ለብሷል። ዙሪያውን ለተቀመጡት ሰዎች ያወራል። «እጅ ነበረው» ይላል። «ስለ ስፔን የሚያወራውን ተዉት፤ እሱ ሕመም ነው። እጁ ግን እጅ ነበር፤ ከፈረንጅ ብዙም የማያንስ።»

መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ሕመም አልነበረም» አልኩ። «ካፖዎቹን የሠራው እሱ ነው። ቀለም ተቀብተው ከስፔን መጡ ተብለው ተሸጡ። የሸጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ስጠየቅ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አንተም ታውቃለህ ታምሩ።»

ታምሩ መሬት መሬት አየ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነገር አይነሣም፤ ተቀመጪ» አሉኝ። አንዲት ሴት ቀሚሴን ያዝ አድርጋ ወደ ታች ሳበችኝ። ተቀመጥኩ። ወሬው ወደ ዝናቡና ወደ ሌላው ተመለሰ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ወይዘሮ አልማዝ ነበረች። ከጥጓ ተነሥታ አጠገቤ መጥታለች፤ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ነበር?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እውነቱን ነበር እትዬ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ራሷን ነቀነቀች። «ገበታ ላይ በተቀመጥን ቁጥር ይነግረኝ ነበር። ይምላል፣ ይገዘታል። እኔ ደግሞ፣ ‹ተው አንተ ሰውዬ፣ ሰው መሳቂያ አደረገህ፤ ዝም ብለህ ብላ› እለው ነበር። በስተመጨረሻ ተወው። ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ድፍን ዓመት ኖረ።» ክንዴን ለቀቀች። «እኔም ተሻለው ብዬ፣ እንዲድንልኝ ለጊዮርጊስ የተሳልኩትን ስለት አስገባሁ።»